የአንድ አያት መንደር፦ የቻይና ገጠር ጎሳ ከየት መጣ?

በደቡብ ቻይና ገጠር በብዙ ቦታ የአባወራን የቤተሰብ ስም መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። መንደሩ የቼን ከሆነ ወንዱ ሁሉ ቼን ነው፤ የሊን ከሆነም ሊን። ሚስቶቹ ከሌላ መንደር የመጡ ናቸው፤ ሴት ልጆቹም ለሌላ መንደር ይዳራሉ። አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች መጋባታቸው ነውር ነበርና፤ በነገሥታቱ ዘመን ሕጉም ይከለክለው ነበር። ከመንደሩ ፊት ኩሬ፣ ከጀርባው ዛፉ የማይነካ ኮረብታ፣ መሐሉ ላይ ከመኖሪያ ቤቶቹ ሁሉ የገዘፈ አዳራሽ አለ። አዳራሹ ውስጥ የሟቾች ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች በየትውልዳቸው ተደርድረዋል። ስለ አመጣጣቸው ሲጠየቁ መልሱ አጭር ነው፦ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንድ አባት እዚህ ሰፈረ፤ እኛ የእሱ ልጆች ነን።

ታሪክ አጥኚዎችንና የማኅበረሰብ ተመራማሪዎችን አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ያከራከራቸው ይህ አጭር መልስ ነው። አንደኛው ወገን መንደሩን የሠራው ደም ነው ይላል፤ ሰው በተፈጥሮው ከዘመዱ ጋር ይሰፍራል፣ ጊዜ ሲሄድ ይበዛል። ሁለተኛው መሬት ነው ይላል፤ የጋራ ንብረት ባይኖር ዘመድ ተበትኖ ይቀር ነበር። ሦስተኛውና አዲሱ ወገን ጣቱን የሚቀስረው ወደ መንግሥት መዝገብ ነው፤ ግብርና ወታደራዊ ግዴታ፣ ሥርዓትና ማዕረግ ሰዎችን ወደ አንድ አያት ስም ሰበሰቧቸው ይላል። ማስረጃው ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ወደ ሦስተኛው ማመዘኑ አይካድም። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ግን አልሻረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙንና ነገሩን መለየት

“ጎሳ” በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው፤ ከነገድ ጋር እየተቀላቀለ ብዙ ሕዝብ ያቅፋል። ቻይናውያን ዞንግዙ የሚሉት ጠበብ ያለ ነገር ነው። የቤተሰብ ስም መጋራት ብቻውን ዞንግዙ አያደርግም። ዋንግ ወይም ሊ የሚባሉት ቻይናውያን እያንዳንዳቸው ወደ መቶ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ አንዱ ዋንግ ሌላውን ዋንግ ወንድሜ ቢለው ጨዋታ ነው እንጂ ግዴታ የለበትም። ዞንግዙ የሚባለው ትውልዱን ስም በስም ወደ አንድ ሰፋሪ አባት የሚቆጥር፣ በዚያ አባት ስም አብሮ የሚሠዋ፣ ብዙውን ጊዜም በስሙ ሀብት የያዘ ማኅበር ነው። መታወቂያዎቹ ሦስት ናቸው፦ የአያቶች አዳራሽ፣ የትውልድ መዝገብና የጋራ መሬት።

የጋራ መሬቱን “ርስት” ብሎ መተርጎም ያጓጓል፤ ግን ያሳስታል። በእኛ ደጋ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ስለነበር አንድ ሰው በብዙ አያቶች ስም በየቦታው መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የቻይናው በአባት መስመር ብቻ ይወርዳል፤ ሰው ያለው አንድ ጎሳ ብቻ ነው። ደግሞም የጋራ መሬቱ ለልጅ ልጆች አይከፋፈልም። ባለቤቱ የሞተው አያት እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ ኪራዩ ለመሥዋዕቱ፣ ለአዳራሹ ጥገናና ለልጆች ትምህርት ይውላል፤ በበዓሉ ቀን ለመሥዋዕት የቀረበው የአሳማ ሥጋ ለወንዶቹ በየድርሻቸው ይታደላል። ሥጋው የደረሰው የጎሳው አባል ነው፤ ያልደረሰው አይደለም። አባልነትን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት አልነበረም።

የግል መሬት በአንጻሩ አባት ሲሞት ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፋፈላል። ሦስት ትውልድ ሳይሞላ የሀብታም ማሳ የድሃ ቁራሽ ይሆናል። የሙታን ሀብት ግን አይቆራረጥም። ስለዚህ ሀብቱ እንዲዘልቅለት የፈለገ ሰው ከፊሉን በራሱ የወደፊት ሙት ስም ያስቀምጣል፤ ልጆቹም በዚያ መሬት ዙሪያ አዲስ ቅርንጫፍ ይሆናሉ። መሬት ሳይተው የሞተው ወንድም ልጆች ቅርንጫፍ የላቸውም፤ ስማቸው መዝገቡ ላይ ይኖራል፣ በአዳራሹ ጉዳይ ግን ድምፃቸው አይሰማም። የጎሳው ዛፍ የሚያድገው በደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፎቹ በተመጣጠኑ ነበር። ያደገው ሀብት በበቀለበት በኩል ነው።

ከመኳንንት ወደ ገበሬ

በታንግ ሥርወ መንግሥት (618–907) የትውልድ መዝገብ የመኳንንት ጉዳይ ነበር፤ ለሹመትና ለጋብቻ ይጠቅም ነበርና ቤተ መንግሥቱ ራሱ ይቆጣጠረው ነበር። ያ የመኳንንት መደብ ከታንግ ጋር ወደቀ። በሶንግ ዘመን (960–1279) ቦታውን የያዙት በፈተና የተሾሙ ሊቃውንት አንድ አዲስ ጭንቀት ገጠማቸው፦ ፈተና ያለፈው አባት ልጅ ፈተናውን ቢወድቅ ቤቱ ምን ይሆናል?

መልስ ካቀረቡት መካከል ፋን ጆንግየን ቀዳሚ ነው። ይህ ሚኒስትር በሱጆ ከተማ አካባቢ መሬት ገዝቶ ለዘመዶቹ ሁሉ በጋራ አቆመ፤ በ1050 ባወጣው ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ የጎሳው አባል እህልና ልብስ፣ ለሠርግና ለቀብርም ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ይህ ድርጅት፣ ብዙ ጊዜ ተዘርፎና ተመልሶ ተቋቁሞ፣ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ኖሯል። በዚያው ዘመን ኦዉያንግ ሺዩና ሱ ሹን ተራ የሊቃውንት ቤት ሊከተለው የሚችል የትውልድ መዝገብ አጻጻፍ አበጁ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈላስፋው ጁ ሺ (1130–1200) ስለ ቤተሰብ ሥርዓት በተጻፈውና በስሙ በሚጠራው መጽሐፍ በየቤቱ የመሥዋዕት ክፍል እንዲኖር፣ ለእያንዳንዱ ሟች መሥዋዕትም ከመሬቱ ሃያኛው እጅ እንዲመደብ አዘዘ።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። የጥንቱ ሥርዓት ለማን መሥዋዕት እንደሚቀርብ በማዕረግ ይወስን ነበር፤ ተራ ሰው ለቅርብ አያቶቹ በቤቱ ውስጥ ብቻ ሊሠዋ ይገባ ነበር። ከሃያ ትውልድ በፊት ለሰፈረ አባት የተለየ አዳራሽ መሥራት የገበሬ መብት አልነበረም፤ ከሥልጣን በላይ መንጠራራት ነበር። መንደሮቹ ግን መሥራቻችን በሶንግ ዘመን ነው ይላሉ። በአንሁይ ክፍለ ሀገር፣ በጥንቱ ሁዪጆ ያለችው የሁ ቤተሰብ መንደር ሺዲ ራሷን ከ1047 ጀምሮ ትቆጥራለች፤ ጎረቤቷ የዋንግ ቤተሰብ መንደር ሆንግትሱን ከ1131። ዛሬ ጎብኚ የሚያያቸው አዳራሾችና ቤቶች ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የመጡት የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ሥራዎች ናቸው። በሰፈራውና በአዳራሹ መካከል ያለው ይህ የብዙ መቶ ዓመት ክፍተት ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ይታያል።

ክፍተቱን ለማስረዳት አጥኚዎች የሚጠቅሱት ከገበሬ ሕይወት በጣም የራቀ የሚመስል የቤተ መንግሥት ጠብ ነው። በ1521 አንድ የሚንግ ንጉሥ ያለ ልጅ ሞተና የአጎቱ ልጅ ጂያጂንግ ነገሠ። ሊቃውንቱ በሥርዓቱ መሠረት የሟቹን ንጉሥ አባት አባቴ እንዲል ጠየቁት። ወጣቱ ንጉሥ ወላጅ አባቴን አልክድም አለ። ጠቡ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በ1524 በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የተቃወሙት ባለሥልጣናት ተገረፉ፤ ከአሥር በላይ ሞቱ። ንጉሡ ሲያሸንፍ ልጅ ለወላጁ የሚሰጠው ክብር ከጥንቱ ደንብ በላይ ሆነ። በ1536 የሥርዓት ሚኒስትሩ ሺያ የን ሕዝቡም ለመጀመሪያ አያቱ መሠዋት ይፈቀድለት ሲል አቤቱታ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በደቡብ የአዳራሽ ግንባታ እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ።

ያልተቋጨው ነጥብ የአቤቱታው ክብደት ነው። አንዳንዶች 1536ን እንደ መዞሪያ ያዩታል። ሌሎች ደግሞ ሕጉ ቀድሞም በብዙ ቦታ ይጣስ ነበር፣ አቤቱታው የነበረውን ልማድ ሕጋዊ አለባበስ አለበሰው እንጂ አልፈጠረውም ይላሉ። ሁዪጆ ለሁለተኛው አስተያየት ጥሩ ምስክር ናት፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመሬት ውሎች፣ የክፍፍል ሰነዶችና የክስ ወረቀቶች የተረፉባት አገር በመሆኗ ጎሳው ደረጃ በደረጃ ሲገነባ ማየት ይቻላል። ንድፈ ሐሳብ ወዳዶችን የሚያሳፍራቸው ብዙ ጊዜ ይህ የሁዪጆ ወረቀት ነው።

የግብር ከፋዩ ስም

ሚንግ በ1381 መላ አገሩን በየቤቱ መዘገበ። መዝገቡ የግብርና የጉልበት ሥራ ዕዳ መያዣ ነበር፤ የአንዳንዱ ቤት ዕዳ ደግሞ ለዘለዓለም አንድ ወታደር ማቅረብ ነበር። የተመዘገበው ስም ባለቤቱ ከሞተ በኋላም አይሰረዝም። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የእነሱም ልጆች በዚያው በአንድ ሙት ስም ይገብራሉ። ታዲያ ማን ምን ያህል ይክፈል? ወታደሩ ማን ይሁን? ቀሪዎቹ ለዘማቹ ስንት ያዋጡለት? ይህን ለመወሰን ማን የማን ልጅ እንደሆነ መጻፍ፣ የጋራ ሣጥን ማቋቋምና ተራ ማውጣት አስፈለገ። ማይክል ዞኒ በ2017 ባሳተመው ጥናቱ የፉጂየን ወታደር ቤተሰቦች ይህን ግዴታ በውልና በጋራ መሬት እንዴት እንደቻሉት አሳይቷል። ጎሳ የሚመስለው ነገር በአንዳንድ ቦታ የተጀመረው እንደ ዕዳ ማኅበር ነው።

በጓንግዶንግ የዕንቁ ወንዝ ደለል ላይ የሠሩት ዴቪድ ፎር፣ ሊዩ ጅዌይና ሄለን ሲዩ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በዚያ አካባቢ ያሉ ትልልቅ ጎሳዎች ብዙዎቹ አያቶቻችን ከሰሜን፣ ጁጂ ከምትባል መንገድ ተሰደው መጡ ይላሉ፤ አንዲት የንጉሥ ቁባት ኮብልላ በመሸሸጓ ቅጣት ፈርተው፣ ፈቃድ አውጥተው የወጡ ናቸው። ተረቱ ውስጥ ለታሪክ አጥኚ የሚያበራው ፈቃድ የሚለው ቃል ነው። ሁሉም ከአንዲት መንገድ ሊወጡ አይችሉም። ነገር ግን ከሰሜን በሕጋዊ ወረቀት የመጣሁ ነኝ ያለ ሰው የተመዘገበ ዜጋ ነው፤ መሬት መያዝና ለፈተና መቅረብ ይችላል። ያንን ማለት ያልቻለው በጀልባ የሚኖር “ዳን” ተብሎ ተናቀ። ደለሉ እየደረቀ አዲስ ማሳ በተፈጠረ ቁጥር መሬቱን የራሱ ያደረገው አዳራሽና መዝገብ ያለው ወገን ነበር። ፎር በ2007 መጽሐፉ እንደሚከራከረው አዳራሹ፣ በባለሥልጣን ቤት አምሳል ተሠርቶ፣ ዳር አገሩን ወደ ግዛቱ ያስገባ መሣሪያ ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሰው ዝምድናን ለግብር ሲል ፈለሰፈው ማለት ልቅሶውንና መቃብሩን፣ አያት ይርበዋል የሚለውን እምነት ሁሉ ወደ ጎን መተው ይሆናል። መዝገብ መዋሸት የሚያዋጣውም መዝገብ የሚከበርበት አገር ነው፤ የተፈጠረ አያት የሚያገለግለው እውነተኛ አያት ቀድሞ ክብደት ካለው ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ የፎርን ክርክር የምቀበለው ለጓንግዶንግ ደለል ነው፤ ለመላው ቻይና ሲዘረጋ ይሳሳል።

ፍሪድማንና ተከራካሪዎቹ

ይህ ሁሉ ክርክር የተቀጣጠለው በአንድ እንግሊዛዊ ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ ቻይናን በአካል ሳያጠና ስለ እሷ በጻፈ። ሞሪስ ፍሪድማን በሲንጋፖር ቻይናውያን መካከል ሠርቶ ነበር፤ የኮሚኒስቶቹ አብዮት የዋናውን ምድር በር ስለዘጋ በ1958 ያወጣው መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት የተቃረመ ነው። በ1966 ሁለተኛ መጽሐፍ አከለበት። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፦ ጠንካራ ጎሳዎች ለምን በፉጂየንና በጓንግዶንግ በዙ? የሩዝ እርሻ ትርፍ እህል ይሰጣል፤ የመስኖ ሥራ መተባበርን ይጠይቃል፤ ዳር አገር መሆኑ ራስን መከላከልን ያስገድዳል፤ የመንግሥት ክንድም ሩቅ ነው። ከሁሉ በላይ የጋራ መሬት አለ፤ መሬቱ ባለበት ጎሳው ይጠነክራል፣ በሌለበት ይበተናል።

ፍሪድማንን ለመፈተን የወጡት ተማሪዎች ወደ ሆንግ ኮንግ አዲስ ግዛቶች ጎረፉ፤ ከብሪታንያ አገዛዝ የተነሣ የጥንቱ ጎሳ በሕይወት ያለበት ዋናው ቦታ እሱ ነበርና። ሂዩ ቤከር በሸዩንግ ሹይ የሊዩ ጎሳን፣ ጃክ ፖተር በፒንግ ሻን የታንግን፣ ጄምስ ዋትሰን በሳን ቲን የማንን፣ ሩቢ ዋትሰን በሃ ትሱን ሌላ የታንግ ጎሳን አጠኑ። የተገኘው ዕውቀት ሀብታም ነው፤ ችግሩ ግን አራት የአጎራባች መንደሮች ምስል የቻይና ምስል ሆኖ መቅረቱ ነው።

የመጀመሪያው ብርቱ ምት ከታይዋን መጣ። በርተን ፓስተርናክ በ1969 እንዳሳየው ደሴቲቱ ዳር አገር ነበረች፣ ጠላትና መስኖም ነበራት። ሰፋሪዎቹ ግን የተባበሩት በስም ሳይለያዩ ነው፤ ጥቂት ሆነው የመጡ የተለያየ ቤተሰብ ሰዎች ዘመድ ቢመርጡ ኖሮ ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። ጎሳ የጎለመሰው ሰላም ከሰፈነ በኋላ ነው። ስለዚህ ዳር አገርነት ጎሳን ሊወልድም ሊያዘገይም ይችላል።

ከፉጂየን ሰነዶች የተነሣው ጄንግ ጄንማን ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ከፋፈለው። በ1992 ባወጣው ጥናቱ ሦስት ዓይነት ጎሳ ይለያል፦ በውርስ የተሳሰረ፣ በጥቂት ኃያላን የበላይነት የተያዘ፣ በውልና በአክሲዮን የቆመ። በሦስተኛው ዓይነት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የአንድ አያት ስም ያቋቁማሉ፤ ትርፉን የሚካፈሉት እንደ መዋጮአቸው ነው፣ ድርሻቸውን ሊሸጡትም ይችላሉ። አንድ ቤተሰብ ከዘመን ዘመን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል። የደምና የመሬት ክርክር ብዙው መልክ እዚህ ላይ ይሟሟል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው።

ሰሜኑ ለረጅም ጊዜ ጎሳ የለሽ ተብሎ ተዘንግቶ ነበር። ስንዴ አገር ነው፤ አዳራሽ ጥቂት፣ የጋራ መሬትም ከመቃብር ሥፍራ እምብዛም አያልፍም። ማይረን ኮኸን በ1990 ባወጣው ጽሑፍ በሄቤይ ያጠናትን መንደር ይዞ ተቃወመ፦ ጎሳ አለ፣ ሌላ መልክ ነው ያለው። ስሞቹ በጨርቅ ጥቅል ላይ ይጻፋሉ፤ በመቃብሩ ሥፍራ ጉብታዎቹ በትውልድ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ በኩርነት ከድርሻ ይበልጣል። ፕራሴንጂት ዱዋራም ጃፓኖች በ1940ዎቹ መጀመሪያ ካካሄዱት የመንደር ጥናት ተነሥቶ በሰሜን የመንደር ሥልጣን በየጎሳው ይደለደል እንደነበር አሳይቷል። ያለ መሬት የሚቆም ጎሳ ካለ የፍሪድማን ዋና ምሰሶ ይነቃነቃል።

ወንድማማቾች፣ ግን እኩል ያልሆኑ

የጎሳው መሬት ስንት ነበር? የኢኮኖሚ አጥኚው ቼን ሃንሸንግ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ በጓንግዶንግ ከሚታረሰው መሬት ሲሶ ገደማ የጎሳ እንደነበር ገምቷል። ማኦ ዜዱንግ በ1930 በጂያንግሺ ሹንዉ ወረዳ ባደረገው ምርመራ አርባ በመቶው መሬት የጋራ እንደሆነ፣ የዚያም አብላጫ የአያቶች መሬት እንደሆነ አሰፈረ። ሁለቱም ግምቶች ናቸው፤ ገማቾቹም አብዮተኞች። ግን ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው አንድ ነገር ያመለክታሉ፦ በደቡብ ትልቁ ባለ መሬት ብዙ ጊዜ ሙት ነበር።

ሙት ግን ኪራይ አይሰበስብም። የሚሰበስቡት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው፤ እነሱም ከባለጸጋው ቅርንጫፍ ይመጡ ነበር። ድሃው ዘመድ በአያቱ ስም ያለውን መሬት ከባለጸጋው ዘመዱ ተከራይቶ ያርስ ነበር። ቅናሽ ነበረው ወይ? በአንዳንድ መንደር አዎ፣ በሌላው አይ። ሩቢ ዋትሰን በ1985 ስለ ሃ ትሱን የጻፈችው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ በወንድማማች መካከል ስላለ አለመመጣጠን ነው። እሷ እንደምትለው የወንድማማችነቱ ቋንቋ ልዩነቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዚህ በታች ደግሞ ወንድም ያልተባሉ ነበሩ፤ በሁዪጆ በጌቶቻቸው መሬት የሚኖሩ፣ በሠርግና በቀብር የሚያገለግሉ ቤተሰቦች እንደ ባሪያ ይቆጠሩ ነበር፤ የቺንግ ንጉሥ ዮንግጀንግ በ1727 ነፃ ይውጡ ብሎ ቢያውጅም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም።

መንግሥት ለጎሳው ያለው ፊት ሁለት ዓይነት ነበር። ንጉሥ ካንግሺ በ1670 ባወጣው የአሥራ ስድስት ነጥብ አዋጅ ሁለተኛው ነጥብ ጎሳን አክብሩ የሚል ነው። በፉጂየንና በጓንግዶንግ ያሉ ሹማምንት ግን በውኃና በመቃብር ቦታ ጠብ ጎሳ ከጎሳ በመሣሪያ ሲተላለቅ ማስቆም አቅቷቸው ነበር። ማኦ በ1927 ስለ ሁናን ገበሬዎች በጻፈው ዘገባ ገበሬውን ከተበተቡት አራት ሥልጣኖች አንዱ የጎሳው እንደሆነ፣ አራተኛው፣ የባል ሥልጣን፣ ግን ሴቷን ብቻ የሚያስር እንደሆነ ጻፈ። ሴት በመዝገቡ የምትገባው በባሏ ሥር፣ በአባቷ ቤተሰብ ስም ብቻ ነበር፤ መጠሪያ ስሟ አይጻፍም።

ባሕር ማዶ የሄደው መንደር

ፍልሰት ጎሳን ያፈርሳል የሚለው ግምት በሁለት ቦታ ተሰናክሏል። በሳን ቲን የማን ጎሳ ሩዝ ሲከስርበት፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብዛኞቹ ጎልማሶች ወደ ብሪታንያ ሄደው በምግብ ቤት ሠሩ። ትኬቱን፣ ሥራውንና ብድሩን ያገናኘው ዘመድ ነበር፤ በ1975 ጄምስ ዋትሰን እንዳሳየው ገንዘቡ ተመልሶ አዳራሹን አደሰ። በጓንግዶንግ ካይፒንግ ደግሞ ከአሜሪካና ከካናዳ በተላከ ገንዘብ በተለይ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ሽፍታን ለመከላከል የተሠሩ ማማ ቤቶች፣ የሮማ ዓምድ የቻይና ጣሪያ ለብሶ፣ ከ1,800 በላይ ዛሬም ቆመዋል።

ከዚያው አካባቢ የመጣ አንድ ታሪክ ለዚህ ዳሰሳ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለች፤ የዜጋ ልጅ ግን መግባት ይችል ነበር። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ ርዕደ መሬትና ቃጠሎ መዛግብቱ ሲጠፉ ብዙዎች እዚህ ነው የተወለድነው አሉ፤ ቻይና ያሉ ወንዶች ልጆች አሉን ብለውም አስመዘገቡ። የልጅነቱ ቦታ ተሸጠ። “የወረቀት ልጅ” የተባለው ገዢ ስለ መንደሩ በጥያቄ ይፈተን ነበር፤ ቤትህ በስንተኛው ረድፍ ነው፣ ኩሬው ከየት በኩል ነው፣ ጎረቤትህ ማን ነው። መልሱን የሚያስጠና መጽሐፍ ይዞ በመርከብ ላይ ይሸመድድ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሚንግ መዝጋቢ ፊት የተደረገው ነገር በሌላ መንግሥት ፊት ተደገመ።

ከአብዮቱ በኋላ

በሰኔ 1950 የወጣው የመሬት ሕግ የአያቶችን አዳራሽ መሬት ከቤተ መቅደስና ከገዳም መሬት ጋር ወረሰ። አዳራሾቹ ጎተራ፣ ትምህርት ቤት፣ የስብሰባ ቤት ሆኑ፤ በባህል አብዮት ሰሌዳዎቹ ተፈለጡ፣ መዛግብቱ ተቃጠሉ። ግን የምርት ጓዶች ሲዋቀሩ ሰዎች በሰፈራቸው ተመደቡ፤ ሰፈሩ ደግሞ የቅርንጫፉ ሰፈር ነበር። ባለ አንድ ስም መንደር ባለ አንድ ስም ብርጌድ ሆነ። የነዋሪነት መዝገቡ ከ1958 ጀምሮ ገበሬው መንደሩን ለቅቆ እንዳይሄድ ስላሰረው ወንዶቹ በተወለዱበት ቀሩ። ጎሳውን ለማጥፋት የመጣው ሥርዓት መሬቱን ነጥቆ ሰዎቹን አንድ ላይ አቆያቸው።

በ1959–1961 ረሀብ ዘመን ይህ አብሮነት ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ በ2022 የታተመ አንድ ጥናት መርምሯል። ብዙ የትውልድ መዝገብ ባላቸው ወረዳዎች የሞቱት ሰዎች ቁጥር ዝቅ ያለ ነበር ይላል። ጥርጣሬ ይቀራል፦ መዝገብ የበዛበት ወረዳ ፊደል የበዛበትና ቀድሞ የተሻለ ኑሮ የነበረውም ነው፤ አጥኚዎቹ ይህን በስሌት ለመለየት ቢሞክሩም ሁሉንም አላሳመኑም።

የትዝታን ጥንካሬ በደንብ ያሳየው የጂንግ ጁን ጥናት ነው፤ በ1996 ታተመ። በጋንሱ ያለችው ዳቹዋን መንደር ነዋሪዎች ኮንግ ይባላሉ፤ የኮንፊሺየስ ዘር ነን ይላሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የግድብ ውኃ መንደራቸውንና የአያቶቻቸውን መቃብር ዋጠው። ቤተ መቅደሳቸውም ጠፋ። በ1991 መልሰው ሠሩት፤ መዝገቡ የጠፋውን የሥርዓቱን ቅደም ተከተል ከሽማግሌዎች ትውስታ እየሰበሰቡ። ይህ ትንሣኤ ነው ወይስ አዲስ ፍጥረት? ጂንግ የሚያሳየው ሁለቱን መለየት እንደማይቻል ነው፤ የተረሳው በአዲስ ይሞላል፣ አዲሱም ጥንታዊ ተብሎ ይጻፋል።

የዛሬው ክርክር

ከ1980ዎቹ ወዲህ አዳራሾች ታደሱ፤ በ2008 የወጣ አጠቃላይ ዝርዝር ከ52,000 በላይ የትውልድ መዝገቦችን ቆጥሯል። ክርክሩም ከታሪክ ወደ አስተዳደር ተሻገረ፦ ጎሳ ለገበሬው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ሊሊ ሳይ በ2007 በአራት ክፍላተ ሀገር ካሉ 316 መንደሮች በሰበሰበችው መረጃ ተነሥታ መላ መንደሩን የሚያቅፍ ጎሳ ወይም ቤተ መቅደስ ባለበት መንገድና ትምህርት ቤት የተሻለ ነው ትላለች። ሹምየው የመንደሩ ልጅ ነው፤ ካልሠራ በአዳራሹ ያፍራል። ነገር ግን መንደሩ በሁለት ጎሳ ከተከፈለ ጥቅሙ ይጠፋል። ሹ ዪቺንግና ያኦ ያንግ በ2015 ከትልቅ ጎሳ የተመረጠ መሪ ለጋራ ሥራ ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ አገኙ። ዳንኤል ማቲንግሊ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላውን ገጽ ገለጠ፦ የጎሳው ታላቅ ሰው የመንደር ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ መንግሥት የገበሬውን መሬት መውሰድ ይቀለዋል፤ ሰዎቹ አጎታቸውን ያምናሉ፣ አጎታቸውም ያረጋጋቸዋል። ከኮሚቴው ውጭ ያለ ሽማግሌ ግን ተቃውሞ ሊያደራጅ ይችላል። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። ያው እምነት ነው መንገዱን የሚያሠራው፣ ያው እምነት ነው መሬቱን የሚያስወስደው።

ሆንግ ኮንግ ሌላ ቋጠሮ ናት። ብሪታንያ በ1898 አዲሱን ግዛት ስትከራይ የጎሳ ልማድን ጠበቀች፤ በ1972 ደግሞ በወንድ መስመር በ1898 ከነበረ መንደር የተወለደ ወንድ ሁሉ ዕድሜው አሥራ ስምንት ሲሞላ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ባለ ሦስት ፎቅ ትንሽ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች። በ1994 ሴቶች መሬት የመውረስ መብት አገኙ፤ የቤት መብቱን ግን አላገኙም፣ የመጨረሻው ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2021 አጸናው። የቤት ዋጋ ሰማይ በነካበት ከተማ የአያት ስም የገንዘብ ወረቀት ሆኗል።

በዋናው ምድር የኮንፊሺየስ ዘሮች በ2009 ያወጡት መዝገብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስም ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን አስገባ። ሌሎች ጎሳዎችም ይህን እየተከተሉ ነው። ከአዳራሹ ይልቅ አስቸጋሪው መዝገብ ግን የመንደሩ የጋራ መሬት አባላት ዝርዝር ነው። ከተማ እየተስፋፋ መንግሥት መሬቱን ሲወስድ ካሣው ለአባላት ይከፋፈላል፤ ወደ ሌላ መንደር የተዳረች ልጅ ከአባቷ መንደር ተሰርዛ በባሏ መንደር ሳትመዘገብ ሁለቱንም የምታጣበት ክስ በየፍርድ ቤቱ ይታያል። ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የገጠር የጋራ ኢኮኖሚ ድርጅቶች ሕግ ሴት በማግባቷ፣ ባለማግባቷ ወይም በመፋታቷ መብቷ እንዳይነካ ያዛል። ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ግን አሁንም የመንደሩ ጉባኤ ነው፤ በጉባኤው የሚቀመጡትም ስማቸው አንድ የሆነ ወንድሞቿ፣ አጎቶቿና የአጎቶቿ ልጆች ናቸው።